ራሴን ማሳደግ መፈለጌ ትዕቢት ነውን?

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ተወልጄ ያደግሁት መንዝ ነው፤ አሁን 26 ዓመቴ ሲሆን ደብረ ብርሃን ከተማ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰንበት ትምህርት ቤት ዘማሪ ነኝ። አያቴ የበግ ጠጉር መፍተል አስተምራኛለች። እኔ ግን ከመፍተል አልፌ ባና የሚባለውን የበግ ጠጉር ብርድ ልብስ መሸመን፣ ኋላም ሥራ ያጡ የሰፈሬን ልጆች ማስተማር እፈልጋለሁ። ይህን ስናገር እናቴ ‹ተምረሽ ባንክ ገብተሽ ደግሞ ሸማኔ?› አለችኝ። ጓደኞቼ ‹ራስን መካድ አልተማርሽም፤ ይህ የገዛ ፈቃድሽ ነው› ይሉኛል። የአክስቴ ልጅ ደብረ ሊባኖስ ገብታ መንኵሳለች፤ ዘመድ ሁሉ እንደ እርሷ ሁኚ ይለኛል። በስልኬ የማዳምጣቸው ተናጋሪዎች ደግሞ የልብሽን ብቻ ስሚ፣ ማንንም አትጠይቂ ይላሉ። የንስሐ አባቴ ‹ታገሺ› ብለውኛል። ሁለት ወር ያህል እንቅልፍ አጥቻለሁ። ራሴን ማሳደግ መፈለጌ ትዕቢት ነውን?»

ምላሽ፦ ትዕቢት አይደለም። ትዕቢት የሚሆንበት መንገድ ግን አለ፤ እርሱንም ሳልሸሽግ እነግርሻለሁ። አስቀድሞ መታረም ያለበት ጓደኞችሽ ራስን ስለ መካድ የነገሩሽ ነው፤ ጭንቀትሽ ሁሉ የቆመው በዚያ ላይ ነውና።

ጌታ ሊከተለኝ የሚወድ ራሱን ይካድ ያለው በማርቆስ ወንጌል 8፥34 ላይ ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ ከቦታው ተነቅሎ ብቻውን ስለሚጠቀስ፣ የሰውን ጠባይ፣ ችሎታና ፍላጎት ሁሉ ማጥፋት የታዘዘ ይመስላል። ከሦስት ቁጥር በፊት ጀምረሽ አንብቢው። ጌታ መከራ እንደሚቀበል፣ እንደሚገደልና እንደሚነሣ ሲናገር ጴጥሮስ ወደ ራሱ ወስዶ ይገሥጸው ጀመር፤ ጌታም የእግዚአብሔርን ሳይሆን የሰውን ነገር ታስባለህ ብሎ ገሠጸው። ራስን መካድ የታዘዘው ከዚህ ቀጥሎ ነው። እንግዲህ የሚካደው፣ መስቀል የሌለበት መንገድ ካልሆነ አልሄድም የሚለው፣ በእግዚአብሔርም ላይ ልዘዝ የሚለው ራስ ነው። ጴጥሮስ ይህን ከተማረ በኋላ ሌላ ሰው አልሆነም። በሐዋርያት ሥራ ላይ የምናገኘው ያንኑ ከሌሎቹ ቀድሞ አፉን የሚከፍተውን ጴጥሮስን ነው፤ የተለወጠው የሚናገርለት ነገር ነው። ጳውሎስም ያንኑ ወንጌል እየሰበከ በአንጾኪያ ጴጥሮስን ፊት ለፊት ተቃውሞታል (ገላትያ 2፥11)። ጠባያቸው ሰማይና ምድር ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን ግን ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ ሐምሌ 5፣ ታከብራቸዋለች።

በማቴዎስ ወንጌል 25 አንድ መክሊት የተቀበለው አገልጋይ ገንዘቡን አልሰረቀም፣ አላባከነም፤ ቆፍሮ ቀበረው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ፈራሁ አለ። ጌታው ይህን ትሕትና ብሎ አልተቀበለለትም። እኛ ግን ፍርሃታችንን ትሕትና ብለን የመጥራት ልማድ አለብን፤ «እኔ ምን ችዬ» የሚል ሰው ጨዋ ይባላል፣ «ይህን እችላለሁ» የሚል ግን ዓይን አውጣ ይባላል። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 12፥3 የጠየቀው ሰው ስለ ራሱ ከሚገባው አልፎ እንዳያስብና በልኩ እንዲያስብ ነው። ከልክ በታች ማሰብም ከልክ መውጣት ነው። እጅሽ የለመደውን አላውቅም ብትዪ ዋሽተሻል እንጂ ትሑት አልሆንሽም።

አሁን ወደ ሽመናው ልምጣ፤ የተናቀው እርሱ ነውና። በኦሪት ዘጸአት 31 እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ መንፈሱን እንደሞላበት ተጽፏል። የሞላበትም ለትንቢት አልነበረም፤ በወርቅ፣ በብር፣ በናስ፣ በድንጋይና በእንጨት እንዲሠራ ነበር። ምዕራፍ 35 ላይ ደግሞ ልባቸው ያነሣሣቸው ሴቶች በእጃቸው ፈትለው ማምጣታቸው፣ የፍየል ጠጉርም መፍተላቸው ይነበባል። በመጨረሻዎቹ ቁጥሮች የሸማኔ ሥራ በስም ተጠቅሶ፣ ባስልኤልና ኤልያብ ሌሎችን የማስተማር ችሎታም በልባቸው እንደተሰጣቸው ተጽፏል። ልብ በዪ፤ መፍተል፣ መሸመንና ማስተማር ሦስቱም በአንድ ምዕራፍ ውስጥ አሉ። አንቺ ለንስሐ አባትሽ የምታቀርቢው ምኞት ከዚህ ምዕራፍ የወጣ ያህል ነው፤ ጓደኞችሽ ግን የገዛ ፈቃድሽ ብለው አንድ ቀን ሳይመረምሩት ዘጉት።

«ተምረሽ ደግሞ ሸማኔ?» የሚለው ቃል ምንጩ ወንጌል አይደለም፤ እጀ ጥበብን የሚንቅ የአገራችን አሮጌ ልማድ ነው። በባና ብርድ የሚያባርርልንን ሰው ስንሰድብ ኖረናል። እዚሁ አንጎለላ የተወለዱት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ ወጣ፣ ስድቡ ግን በየቤቱ ቀረ። በመንዝ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል የሚለውም ልማድ እንጂ ቀኖና አይደለም፤ ሴት መወርወሪያ እንዳትይዝ የከለከለ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የለም። ለእናትሽ ግን ፍረጂላት። ደመወዝ በየወሩ ይገባል፤ የባና ገበያ ግን አንዱን ሳምንት ይነሣል፣ ሌላውን ይወድቃል። እርሷ የምትፈራው ይህን ነው፤ ፍርሃቷ ከስድቡ ተለይቶ ሊሰማ ይገባዋል።

ብዙ ሰው ቤተ ክርስቲያናችን ሁሉን አንድ ዓይነት ለማድረግ የተሠራች አድርጎ ያስባል። እንዲህ የሚሉ ሰዎች ቅኔ ቤት ገብተው አያውቁም። የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ደርቦ ከጉባኤው ይርቅና ዛፍ ሥር ወይም ገደል አፋፍ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ ግን አይሰማም። ቀለሙን በጣቱ ይቆጥራል፣ ያፈርሳል፣ እንደገና ይቆጥራል። ሲመሽ በመምህሩ ፊት ቀርቦ የቆጠረውን ያሰማል፤ ቤቱን ከሰበረ መምህሩ ያርሙታል፣ ካላማረ ይመልሱታል። እንግዲህ ሕጉ ጥብቅ ነው፦ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፣ መወድስ የሚባለው ስምንት ቤት ነው፤ የሚጨምርም የሚቀንስም የለም። በዚህ ጥብቅ ሕግ ውስጥ ግን አንድ የማይፈቀድ ነገር አለ፤ የሌላውን ቅኔ የራስ አድርጎ ማቅረብ። ትናንት የተባለውን ዛሬ የሚደግም ተማሪ ያፍራል። በየቀኑ አዲስ ነገር ከራሱ ልብ ማምጣት ግዴታው ነው፤ ሁለት ቤት ሳያውቅም ስምንት ቤት አይሞክርም። ሥርዓቱ የተማሪውን ልብ አያፍንም፤ እንዲያውም ያለ ሥርዓቱ ያ ልብ ምን እንደያዘ ማንም፣ ራሱ ተማሪውም ቢሆን፣ አያውቀውም ነበር። የማንበብ እንጂ የመቁጠር ትዕግሥት የሌለው ሰው ይህን አያየውም።

ዜማውም እንዲሁ ነው። የቅዱስ ያሬድ የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓ፣ አንድ ነው፤ የዜማው ቤት ግን የቤተልሔም አለ፣ የቆማ አለ፣ የአጫብር አለ፣ የእኛው የተጉለትም አለ። ተጉለት በራሱ መንገድ ስለሚያዜም «ከድጓው ወጥቷል» ያለ ሊቅ የለም። አንቺም በ80 ቀንሽ ስትጠመቂ ለብቻሽ ስም ወጥቶልሻል፤ ስትናዘዢ ለብቻሽ ትናዘዣለሽ፣ ስትቆርቢ ለብቻሽ ትቆርቢያለሽ። ማኅበሩ ትልቅ ነገር ነው፣ ያለ እርሱ ክርስትና የለም። ሆኖም በ1ኛ ቆሮንቶስ 12 ሐዋርያው አካል ሁሉ ዓይን ቢሆን መስማት ወዴት በነበረ ብሎ የጠየቀው እንደ ጓደኞችሽ ላሉ ቅን ሰዎች ነው።

ስለ አክስትሽ ልጅ አጭር ነገር ልበልሽ። ምንኵስናዋ ክቡር ነው፤ ጥሪዋ ግን ያንቺ አይደለም። ዳዊት የሳኦልን ጥሩር፣ የጦር ልብሱን፣ ለብሶ መራመድ አቅቶት ነበር፤ አልፈተነውምና አወለቀው (1ኛ ሳሙኤል 17፥38–39)። ጥሩሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ትንሣኤውን ካዩ በኋላም ጴጥሮስ ዮሐንስን አይቶ ይህስ እንዴት ይሆናል ብሎ በጠየቀ ጊዜ፣ ጌታ ምን አግዶህ፣ አንተ ተከተለኝ ብሎ ነው የመለሰለት። ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ራሳቸው ከቡልጋ ተነሥተው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ከዚያም ወደ ደብረ ዳሞ ሄደው በሌሎች አባቶች እግር ሥር ዘመናትን ያሳለፉ ናቸው፤ በትውፊት ዘመዳቸው የሆኑት አቡነ ዜና ማርቆስ ደግሞ በሞረት የራሳቸውን ደብር መሠረቱ። ከአንድ ዘር ወጥተው፣ አንድ ሃይማኖት ይዘው፣ ሁለት ቦታ ቆሙ። እናቶች መነኮሳይያት ገዳም ውስጥ እንደሚፈትሉም አትርሺ፤ እንዝርት ከቅድስና የራቀ ዕቃ አይደለም።

ትዕቢት የሚሆንበት መንገድ አለ ብዬ ነበር። እርሱም በስልክሽ ከምትሰሚው ድምፅ በኩል ይመጣል። የልብሽን ብቻ ስሚ የሚለው ምክር ደስ ይላል፣ ግን ልብን ያለ መርማሪ ይተወዋል። ኤርምያስ 17፥9 ልብ ከሁሉ ይልቅ ተንኰለኛ መሆኑን ይናገራል፤ ይህን ያለው ሰዎችን ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን እግዚአብሔር ልብን እንደሚመረምር በሚቀጥለው ቁጥር ለመናገር ነው። ስለዚህ ምኞትሽን መርምሪው። ማንም ባያመሰግንሽ ትሸምኛለሽ? ካስተማርሻቸው ልጆች አንዷ ካንቺ የተሻለ ባና ብታወጣ ደስ ይልሻል ወይስ ሆድሽ ይከፋል? ይህን ማሰብ ከጀመርሽ ወዲህ ጸሎትሽ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? በእናትሽ ላይ ያለሽ ትዕግሥትስ? በገላትያ 5 የተዘረዘሩት የመንፈስ ፍሬዎች፣ ፍቅር፣ ደስታ፣ ሰላም፣ ትዕግሥት እያሉ የሚሄዱት፣ የእድገት መለኪያ እነርሱ ናቸው። በሥራሽ የሠለጠንሽ፣ በቤትሽ ግን የምትነጫነጪ ከሆንሽ አላደግሽም። መልሱን ዛሬ ማወቅ አይጠበቅብሽም፤ ጥያቄዎቹን ግን ጽፈሽ አስቀምጫቸው።

እምነት የማይሰጥሽንም እወቂ። ጥሪ መሆኑ ገበያ ያገኛል ማለት አይደለም። በቅን ልብ የተጀመረ ሥራ ሊከስር ይችላል፤ ቢከስር እግዚአብሔር ጣለኝ አትበዪ፣ ቢሳካም ጽድቄ ነው አትበዪ። «እግዚአብሔር ነገረኝ» የሚለውንም ቃል ለክርክር አታውጪው። ያ ቃል ከተነገረ በኋላ ማንም ሊመክርሽ አይችልም፣ ምክር ያጣ ሰው ደግሞ ቶሎ ይስታል። «ይህን እመኛለሁ፣ እየመረመርሁት ነው» ማለት እውነትም ነው፣ በቂም ነው።

የንስሐ አባትሽ «ታገሺ» ማለታቸውን «ተዪ» አድርገሽ የሰማሽ ይመስለኛል። ሁለቱ ይለያያሉ። ደግሞ እንዴት እንደጠየቅሻቸው አስቢ፤ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ በሁለት ቃል የቀረበ ጥያቄ የሁለት ቃል መልስ ቢያገኝ አባትን አያስወቅስም። ቀጠሮ ያዢ፣ ቤታቸው ወይም ደጀ ሰላም ተቀምጠሽ ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ንገሪያቸው። የንስሐ አባት ኃጢአትን ይሰማሉ፣ ቀኖና ይሰጣሉ፣ ኅሊናን ይመራሉ፤ የምትሠሪውን ሙያ የመምረጥ ኃላፊነት ግን ያንቺ ነው፤ በመጨረሻው ቀን ስለ መክሊትሽ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። ብዙዎቹ አባቶቻችን ይህን ጠንቅቀው ያውቃሉ። ሆኖም በዚህ ዘመን አባት ነኝ ባይ ሁሉ አባት አይደለምና ልብ በዪ፦ ከቤተሰብሽ ተለዪ የሚልሽ፣ ገንዘብሽን ለእኔ አስረክቢ የሚልሽ፣ ሌላ አባት እንዳትጠይቂ የሚከለክልሽ፣ ወይም ምክሩን ካልተቀበልሽ መቅሠፍት እንደሚመጣብሽ የሚያስፈራራሽ ካጋጠመሽ ዝም ብለሽ ራቂው፤ ለደብሩ አስተዳዳሪም አሳውቂ።

እንቅልፍ ማጣትሽን በመጨረሻ መስመር ላይ ጽፈሽዋል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ ያየሁት እርሱን ነው። ሁለት ወር ረጅም ነው። እንቅልፍ ያጣ ሰው ጥሪውንና ፍርሃቱን መለየት ይቸገራል፣ ስለዚህ ማንኛውንም ትልቅ ውሳኔ ከመወሰንሽ በፊት በዚህ ሳምንት ሐኪም ዘንድ ሂጂ። የምግብ ፍላጎትሽ ጠፍቶ፣ የምትወጂው ሁሉ አስጠልቶሽ ከሆነ፣ ይልቁንም መኖር ባልፈለግሁ የሚል ሐሳብ ጎብኝቶሽ ከሆነ፣ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሪው፤ ለምታምኚው ሰው ተናግረሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ይህ የእምነት ጉድለት አይደለም። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ሌላ ጠበል መሄድ ብትፈልጊ ሂጂ፣ ተጠመቂ፤ ሐኪም መድኃኒት ካዘዘልሽ ግን ጠበል ገባሁ ብለሽ እንዳታቋርጪ። ጠበሉም መድኃኒቱም ከአንድ እግዚአብሔር ናቸው።

ምክሬ እንዲህ ነው፣ ሳላመነታ እናገረዋለሁ፦ ሽመናውን ጀምሪ፣ ባንኩን ግን አትልቀቂ። የነቢያት ጾም ከሚገባበት ከኅዳር 15 እስከ ፋሲካ ያለውን ጊዜ የመፈተኛ ጊዜ አድርጊው። ሥራውን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሸማኔ ፈልጊ፤ ሴት ተማሪ አልቀበልም የሚል ቢያጋጥምሽ ሳትከራከሪ ወደ ሌላው ሂጂ። በሳምንት ሁለት ምሽት ይበቃሻል። እግርና እጅ እስኪስማሙ ድሩ ይበጠሳል፣ ማጉ ይላላል፣ ጠርዙም ይጣመማል፤ መፍተል ለዓመታት የለመደ እጅ መሸመን ሲጀምር እንደ ሕፃን ነው። አያትሽ ጠጉሩን በመምረጥና ክሩን በማየት ትርዳሽ፤ በዚህ ዕድሜዋ የሚጠይቃት ሰው ማግኘቷ ለእርሷም ክብር ነው። በፋሲካ አንድ ሙሉ ባና፣ ሰው ገንዘብ አውጥቶ የሚገዛው ዓይነት፣ ካልወጣ ጊዜውን አራዝሚ፤ ልጆች የማስተማሩን ነገር ከዚያ በፊት አታንሺው። ያልተማረ ሰው ቢያስተምር የልጆቹን ጊዜ ይበላል፤ ጊዜያቸው ደግሞ ያንቺ አይደለም። ብድር በዚህ ወቅት ፈጽሞ አትውሰጂ። በገጠሩ የሚከበሩት ወርኃዊ በዓላት ብዙ ስለሆኑ ጎረቤት ሳይቆጣ የምትሠሪባቸውን ቀናት አስቀድመሽ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ በዚህ ላይ የሚነሣ ጠብ ዋናውን ነገር ያበላሽብሻል።

ከመዘምራኑ አትውጪ። አሁን ብትወጪ ነገሩ ኩርፊያ ይመስላል፤ አንቺም ምኞትሽን በቁጣ ላይ ትመሠርቺዋለሽ። የምሽቱ ጥናት ከሽመናው ጋር ከተጋጨ ለኃላፊው በግልጽ ተናግረሽ ቀን አስለውጪ። ጓደኞችሽ ራስን ስለ መካድ ዳግመኛ ቢያነሡ አብራችሁ ማርቆስ 8ን ከቁጥር 31 ጀምራችሁ አንብቡ፤ ለመርታት ሳይሆን እነርሱም የቀበሩት ነገር ሊኖር ስለሚችል ነው። በጸሎት መጽሐፍሽ የለመድሽውን የጠዋትና የማታ ጸሎት አታጓድዪ፤ በተለይ ሥራው ሲሳካልሽ።

ለእናትሽ ያንቺን ሕልም ከማስረዳትሽ በፊት የእርሷን ፍርሃት ጠይቂያት። ባንኩን እንደማትለቂ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ንገሪያት፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታዳምጥሻለች። ምን ያህል ገንዘብ ለጠጉርና ለዕቃ እንደምታወጪ ቁጥሩን አሳዪያት። ሸማኔ የሚለውን ቃል እንደ ስድብ ደግማ ብትናገረው አትመልሺላት፤ በዚያ ቀን ዝም በዪ፣ በሌላ ቀን ዘጸአት 35ን አንብቢላት። ባና ለብሳ ያደገች የመንዝ ሴት ናትና ምዕራፉ ለእርሷ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ለንስሐ አባትሽ የሚሆነውን ቀጠሮ ግን ከእናትሽ ጋር ከመነጋገርሽ በፊት፣ ሐኪሙን ካየሽ በኋላ አድርጊው።